ያንተስ ምን ይላል?

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ካፌዎች በአንዱ ቁጭ ብሎ፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሰው የሚያደርገውን የታዘበ ስለ ሰው ልጅ ብዙ ይማራል። ጠረጴዛ ላይ ያለው፣ ኪስ ውስጥ ያለው፣ ቻርጀር ላይ የተሰካው ስልክ ሁሉ ጆሮ የሚበሳውን ጩኸት በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ከዚያ ሰው ሁሉ፣ ቀድሞ የተማከረ ይመስል፣ አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ጩኸቱን ያጠፋል። ሳያነብ ነው የሚያጠፋው። የመጣው ጎርፍ ይሁን እሳት ገና አልታወቀም፤ አስቸኳዩ ጉዳይ ግን የስልኩ ድምፅ ነው። ቀጥሎ ቀና ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ያያል። ያቺ የማትቀር ጥያቄም ትከተላለች፦ «ያንተስ ምን ይላል?»

የእሱም ያው ነው የሚለው። ለሁሉም እኩል የመጣ አንድ መልእክት ነው። ቢሆንም ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ተይዘው ይመሳከራሉ፤ ለአይፎን የሚመጣው ጎርፍ ለሳምሰንግ ከሚመጣው ይለይ ይመስል። ይህ ሁሉ ሲሆን በመስኮት ወደ ውጭ የሚያይ ሰው አይገኝም። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ መስታወቱን እየደበደበው ቢሆን እንኳ ማስረጃው ያለው ስልኩ ላይ እንጂ ደጅ አይደለም። (አገር ቤት ያሉትም አይስቁብን። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲያወዛውዝ፣ ስንቱ ነው ደረጃውን ከመውረዱ በፊት ፌስቡክ ላይ «እኔን ብቻ ነው?» ብሎ የጻፈው?)

ከዚያ አንዱ «ተወው፣ ሁልጊዜ የሚልኩት ነው» ይላል። ቡናው ይቀጥላል።

መልእክቱ እንዴት እንደሚመጣ ከተጠየቀ ግን የማያውቅ ሰው የለም። ሁሉም በእርግጠኝነት ያውቃል፤ ችግሩ የሚያውቀው ነገር ልክ አለመሆኑ ነው። «ቁጥሬን ከየት አገኙት?» ብሎ የሚቆጣ አለ። «ያለሁበትን ካላወቁ እንዴት ላኩልኝ?» ብሎ እንደ መርማሪ ዓይኑን የሚያጠብም አለ።

የማንንም ቁጥር ያገኘ የለም። በአሜሪካ ይህ ሥርዓት ሥራ ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አካሄዱ ያው ነው። ማስጠንቀቂያ የመላክ ፈቃድ ያለው መሥሪያ ቤት፣ የአየር ትንበያው ይሁን ፖሊሱ ወይም የካውንቲው የአደጋ ቢሮ፣ መልእክቱን ይጽፍና አደጋው የሚነካውን ቦታ ካርታ ላይ ያጥራል። ጽሑፉ ፌማ ወደሚባለው የፌዴራል የአደጋ መሥሪያ ቤት ሥርዓት ይገባል፤ ላኪው እውነተኛ መሆኑ ይረጋገጥና ለስልክ ኩባንያዎች ይተላለፋል። ኩባንያዎቹ በታጠረው ቦታ ላሉት ማማዎች ይሰጣሉ፤ ማማዎቹ ይለፍፋሉ። በቃ። እንደ ድሮው የገበያ ቀን አዋጅ ነጋሪ ማለት ነው፤ ነጋሪቱን ጎስሞ ያልሰማህ ስማ ይላል እንጂ ገበያተኛውን በስም አይጠራም፣ ማን እንደሰማ አይመዘግብም፣ ማን አህያውን ሲጭን እንዳመለጠውም አያውቅም። መስመር ተጨናንቆ ተራው የጽሑፍ መልእክት ወረፋ ሲጠብቅ ይህኛው የማይጠብቀውም ለዚህ ነው፤ ለሚሊዮን ሰው ሚሊዮን ጊዜ አይላክም፣ አንድ ጊዜ ተለቆ የሰማው ሁሉ ይሰማዋል። ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አዳዲሶቹ ስልኮች የታጠረውን ካርታ ራሳቸው ተቀብለው «እኔ ውስጥ ነኝ ወይስ ውጭ?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። መልሱን ለማንም አይናገሩም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀኝ። የምሽት መብራት ለማብራት ባወረደው አፕ ያለበትን ቦታ አሳልፎ የሰጠ ሰው፣ ስለ ጫማ አንድ ጊዜ ጠይቆ ወር ሙሉ የጫማ ማስታወቂያ የሚከተለው ሰው፣ የምሳውን ፎቶ ከነአድራሻው የሚለጥፍ ሰው፣ ስለ እሱ ምንም የማያውቀውን ብቸኛ መልእክት ሲያይ «መንግሥት ይከታተለኛል» ይላል።

ይህ የኛ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2018 ለመላው አሜሪካ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሙከራ ሲደረግ መልእክቱ የመጣው «የፕሬዚዳንቱ ማስጠንቀቂያ» በሚል ርዕስ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ትዊተር ላይ ሌሊትና ቀን የሚጽፉት ዶናልድ ትራምፕ ነበሩና፣ አሁን ደግሞ ኪሳችን ውስጥ ሊገቡ ነው ብለው ሦስት የኒውዮርክ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄደው ሙከራው ይታገድልን አሉ። ዳኛዋ አላገዱላቸውም። ሙከራ መሆኑንና ምንም ማድረግ እንደማያስፈልግ የሚናገር አጭር ጽሑፍ መጣ፤ ሄደ። ፕሬዚዳንቱም የራሳቸውን ሐሳብ አልጨመሩበትም። በዚያው ሰሞን አንድ የሌሊት ቀልደኛ ያንን ድምፅ በፕሮግራሙ ተጫወተበት። ድምፁን ያለ አደጋ ማሰማት በሕግ የተከለከለ ነውና የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤቢሲ 395,000 ዶላር ከፈለ። ከዚያ ሁሉ ሽብር በኋላ ከኪሱ ገንዘብ የወጣበት አስቂኙ ወገን ብቻ መሆኑ ነው።

ለስልክ ሁሉ የተላከው ሁለተኛው ሙከራ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 4 ቀን 2023 ሲመጣ ግን ወሬው ከማማዎቹ ቀድሞ ነበር። የፋይቭ ጂ ሞገድ የኮሮና ክትባት በወሰደ ሰው ደም ውስጥ የተኛውን ነገር ይቀሰቅሳል ተባለ። የተኛው ነገር ምን እንደሆነ አልተስማሙም፤ አንዱ ብረት ነው አለ፣ ሌላው ማርበርግ የሚባለው ቫይረስ ነው አለ፣ ደፈር ያለው ደግሞ ሰው እንደ ፊልሙ ዞምቢ ሆኖ ይነሣል አለ። መድኃኒቱ ላይ ግን ስምምነት ነበር፦ ስልክ አጥፍቶ በአሉሚኒየም ፎይል መጠቅለል። በየቫይበር ግሩፑ «ለምትወዷቸው ሁሉ አስተላልፉ፣ በ2:20 ስልካችሁን አጥፉ» የሚለው ሲዞር ሰነበተ። አዲስ አበባ ሲደርስ 2:20 የጠዋቱ ይሁን የማታው የጠየቀ ካለ መልስ የሰጠው የለም። የዋሽንግተኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ነው፤ መልእክቱ የሚለፈፈው ከአሜሪካ ማማዎች ብቻ መሆኑም አልተነገረም። አንዳንዱ ጥንቁቅ ሁለቱንም ጊዜ ሳያጠፋ አልቀረም።

ሰዓቱ ደረሰ፣ ስልኩ ጮኸ፣ ማንም ዞምቢ አልሆነም። ወሬውን ያስተላለፉት ሰዎች በማግሥቱ ምን አሉ? ምንም። ቫይበር ላይ ማስተባበያ የሚባል ነገር የለም። የጾም ምግብ አሠራር ላኩ።

እንግዲህ ተቀባዩ እንዲህ ከሆነ ላኪው ይሻላል ብሎ የሚጽናና ሰው ሐዋይን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2018፣ ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ የደሴቶቹ ስልክ ሁሉ ጮኸ። ባሊስቲክ ሚሳይል ወደ ሐዋይ እየመጣ ነው፣ በአስቸኳይ ተጠለሉ፣ ይህ ልምምድ አይደለም ይላል ጽሑፉ። ጊዜው አሜሪካና ሰሜን ኮርያ ቃል የሚወራወሩበት ነበርና ሰው አመነ። አባቶች ልጆቻቸውን መንገድ ዳር ባለ የፍሳሽ ጉድጓድ አወረዱ፤ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተቃቅፈው የተኙም ነበሩ።

ሚሳይል አልነበረም። በግዛቲቱ የአደጋ መሥሪያ ቤት የፈረቃ ለውጥ ላይ የልምምድ ጥሪ ተደርጎ ነበር። ጥሪው ሲጀምርም ሲያበቃም «ልምምድ ነው፣ ልምምድ ነው፣ ልምምድ ነው» ይላል፤ መሐሉ ላይ ግን «ይህ ልምምድ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጽፎ ለአደጋ ሠራተኛ የሚያስነብብ አለቃ በየትኛውም አገር ቢሮ የሚታጣ አይመስለኝም። ሠራተኛው መሐሉን ሰማ። ኮምፒዩተሩ ሊላክ ነው፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። እርግጠኛ ነበር። ስንታችን ነን ለዚህ ጥያቄ አይደለሁም ብለን የምናውቀው?

ስህተት መሆኑን ገዥው ዴቪድ ኢጌ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አወቁ። ሕዝቡ በስልኩ ያወቀው ግን በ38 ደቂቃ ነው። ምን እየተደረገ ነበር? ለማስተባበያ የተዘጋጀ ጽሑፍ አልነበረም፤ አደጋው ሁሉ ሲታሰብ ስህተት የሚባለው አደጋ አልታሰበም። ፌማን ማስፈቀድ አለብን ተባለ፤ ለካ ፈቃድ አያስፈልግም። ገዥው በትዊተር እንዳይናገሩ ደግሞ የይለፍ ቃላቸውን አያውቁትም ነበር፤ በኋላ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩት። በዚያው መሥሪያ ቤት ከስድስት ወር በፊት የተነሣ የጋዜጣ ፎቶግራፍም ነበር፤ ስንፈልግ ይገኝልን ብለው የአንድ ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል በቢጫ ወረቀት ስክሪን ላይ ለጥፈውት ከነጽሑፉ ይነበባል። አንዱ ሚስጥሩን ለዓለም አሳየ፣ ሌላው ከራሱ ደበቀው።

በኋላ ሠራተኛው ተባረረ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሥራ ለቀቁ፣ ከእንግዲህ ሁለት ሰው ሳይስማማ አይላክም ተባለ። በሦስተኛው ቀን የጃፓኑ ኤንኤችኬ እንደዚያው በስህተት የሰሜን ኮርያ ሚሳይል ብሎ ላከ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አርሞ በቴሌቪዥን ይቅርታ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ 33 ደቂቃዋን ግን የሚያስረዳ አላገኘሁም።

የሐዋዩ መልእክት ቢያንስ ትርጉሙ ግልጽ ነበር። በ2016 ኒውዮርክ ቦምብ አፈንድቷል የተባለ ተጠርጣሪ ሲፈለግ ለከተማው ስልክ ሁሉ ስሙና ዕድሜው ተላከና «ፎቶውን ከመገናኛ ብዙኃን እዩ» ተባለ። ያኔ መልእክቱ ከ90 ፊደል አይበልጥም፣ ፎቶም ማያያዣም አይፈቀድም ነበር። ስሙ የሙስሊም ስም ነው። ባቡር ውስጥ ሰው ፎቶ የለውም፤ ያለው አንድ ስምና አጠገቡ የቆመው ጺማም ነው። በ2019 ጽሑፉ ወደ 360 ፊደል አደገ። ሰው አጠገቡ የቆመውን መጠርጠር ግን ብዙ ፊደል አይፈልግም።

አሁን ወደ ቴክሳስ። ኦክቶበር 4 ቀን 2024፣ ከሁለተኛው ሙከራ ልክ በዓመቱ፣ ሊነጋጋ ሲል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ50 አካባቢ የግዛቲቱ ስልክ ሁሉ ጮኸ። በሰሜን ጫፍ፣ ሆል ካውንቲ በሚባል ቦታ፣ ፖሊስ ላይ ተኩሶ ያቆሰለ ሰው ይፈለጋል ነው ነገሩ። ሂውስተን አልጋው ላይ የነበረ ሰው ወደዚያ ልሂድ ቢል ሙሉ ቀን ሲነዳ ይውላል። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ገና ጋደም ያለው የዳላሱ ወንድማችን ተጠርጣሪውን ከየት ያመጣል? አልጋው ሥር? ኤፍሲሲ ለሚባለው የፌዴራል የመገናኛ ተቆጣጣሪ በሺዎች የሚቆጠር ቅሬታ ጎረፈ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ቅሬታ መጻፍ ትቶ ስልኩ ውስጥ ገባና አጠፋው።

ማጥፋት ይቻላል። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽን፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ታች። የጠፋ ልጅ ማፈላለጊያው የሚጠፋበት ቁልፍ አለ፣ የአደጋው አለ፣ የአካባቢ ደኅንነቱ አለ። አገር አቀፉን ብቻ ማጥፋት አይቻልም። ሰው ይህን ሁሉ ወርዶ ሲያጠፋ የሚያሳየው ትዕግሥት ያስገርማል፤ ያ ሰው የራሱን የኢንሹራንስ ወረቀት ሁለተኛ ገጽ አንብቦ አያውቅም።

በኮሮና ጊዜ አገር ቤት ለሰው ስንደውል ከጥሪው በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሰማነው። ቆይቶ ግን ያ ምክር የጥሪ ድምፅ ሆነ፤ «እየጠራ ነው» ለማለት «እጅ ታጠቡ እያለ ነው» እስከ ማለት ደረስን። ጆሮ እንዲህ ነው። ሳያስፈልገው ከጮኹበት ሲያስፈልገው ይደነቁራል።

ይህኛው ቀልድ የለውም። ጁላይ 4 ቀን 2025፣ ያው ቴክሳስ፣ ኬር ካውንቲ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ14 ላይ የአየር ትንበያው ድንገተኛ ጎርፍ ብሎ ላከ። የጓዳሉፔ ወንዝ ሰው በተኛበት መጣ። በዚያ ካውንቲ ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ስልካችን አልጮኸም ያሉ ነበሩ፤ ማማ የማይደርስበት ሸለቆ አለ፣ ስልኩን አጥፍቶ የሚተኛ ሰው አለ፣ በቁልፉ ያጠፋም አይጠፋም። ማን በየትኛው ምክንያት እንዳልሰማ ማማው አይናገርም፤ ለፍፏልና ሥራውን ጨርሷል።

የቋንቋው ነገር ደግሞ አለ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 የአይዳ ዝናብ ኒውዮርክን ሲያጥለቀልቅ በከተማው 13 ሰው ሞተ፤ 11ዱ ቤዝመንት ውስጥ የሚኖሩ ነበሩ። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ወጥቷል፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ሁለቱንም የማይናገሩ ስደተኞች ነበሩ። የግዛቲቱ ዐቃቤ ሕግ ሌላም ቋንቋ ጨምሩ ብለው ጠየቁ። ኤፍሲሲ በጃንዋሪ 2025 ከእንግሊዝኛ ሌላ በ13 ቋንቋዎች ተዘጋጅተው የሚቀመጡ ጽሑፎችን አጸደቀ፤ አረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ሂንዲ፣ ጣልያንኛ ሳይቀር አለበት። አማርኛ የለም።

ይህ ሲሰማ በየካፌው ቁጣ ተነሣ። የዲሲ መሥሪያ ቤቶች ስንት ዓመት በአማርኛ ሲያሳትሙ፣ እንዴት እኛን ይዘሉናል? ትክክለኛ ቁጣ ነው። ግን እነዚያ ጽሑፎች እንዲወጡ የታሰበው ስልኩ በተዘጋጀበት ቋንቋ ነው። ከተቆጡት መካከል ስልኩን በአማርኛ ያደረገ አንድ ሰው ብታገኙ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ። እንግሊዝኛ የማያነቡት እናቶች ስልክ እንኳ ልጆች ገዝተው፣ ልጆች ከፍተው፣ በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው የሰጡት ነው። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ እናት ስልኩን ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ታቀብላለች። ልጁ ጨዋታ ላይ ነው። «ምንም አይደለም እማዬ፣ ዝናብ ነው» ይላል። የአየር ትንበያው ባለሙያዎች ለሕይወት አስጊ ብለው የጻፉት እንዲህ ሆኖ ይተረጎማል።

የማውቀው አንድ ልጅ አለ፤ ልጅ ስል ሠላሳ አልፎታል። ሜሪላንድ ቤዝመንት ተከራይቶ ይኖራል። የምሽት ሥራ ስላለው ቀን ይተኛል፤ ስልኩ እንዳይረብሸው ያንን ሴቲንግ እስከ ታች ወርዶ አጽድቶታል። አንድ ከሰዓት ጎርፍ ተባለ። ማስጠንቀቂያው እሱ ካለበት አጥር ውስጥ ሁሉ ተለፈፈ፤ የሰማው ጎረቤት ካፌ የነበረ ዘመዱ ነው። ዘመድየው አልደወለለትም። የሐበሻ ልማድ አይደለም፤ ስክሪን ሾት አንሥቶ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለጠፈው፣ ሦስት የሚያለቅስ ፊት ጨመረበት። የተለፈፈው አዋጅ አጥር አለው፤ ስክሪን ሾት የለውም። ዳላስ ያለች የአክስት ልጅ «ማርያም ትጠብቃችሁ» አለች። ጅዳ ያለችው የትኛው ከተማ ነው ብላ ሳትጠይቅ ማልቀስ ጀመረች። ኮተቤ ያሉት እናት ሊተኙ ሲሉ የጎረቤት ልጅ ጽሑፉን አነበበላቸው። ልጃቸው ጋ ደወሉ፤ የቫይበር ጥሪ በሴቲንጉ አልተዘጋም።

«አንተ ልጅ፣ ውኃው ደረሰ?»

«የምን ውኃ ነው እማዬ? ተኝቼ እኮ ነው።»

«ጎርፍ መጥቷል እየተባለ! ምድር ቤት አይደል እንዴ የምትኖረው?»

«ኧረ ምንም የለም፣ እዚህ ሁልጊዜ...» አለና እግሩን ከአልጋ ሲያወርድ ምንጣፉ ረጥቧል።

«ምንድን ነው ዝም ያልከው?»

«እማዬ፣ መልሼ ልደውልልሽ።»

«ምን ትደውላለህ! ፓስፖርትህን ያዝና ወደ ላይ ውጣ፣ ጫማህን አድርግ!»

ወጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁ ላይ ጫማውን ይዞ፣ ለግሩፑ የእርጥቡን ምንጣፍ ፎቶ ላከ።